ልሳኑ የተዘጋ ካርድ

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዓት ሲሰጥ የኖረውን ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ባቆመ ጊዜ፣ ነገሩ በባለጸጎቹ አገሮች ዘንድ በአመዛኙ የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ሲወራ ሰነበተ፤ በሰሜን ሸዋ፣ በሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ በደነባና እርሷን በመሳሰሉት ታናናሽ ከተሞች ግን ያው ነገር የሚታየው በሌላ መልኩ ነው። በእነዚህ ከተሞች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የሚተዳደር ሰው የሥርዓቱን ዕድሜ ማብቃት የሚረዳው፣ የተንቀራፈፈ ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጎ መልሶ በከፈተው ጊዜ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል ወፍሮና ደብዝዞ፣ የሰውም ፊት ወደ ጎን ተለጥጦ ሲያገኘው፣ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ከወዴት እንደሚገኝ የሚነግረውም ሲያጣ ነው።

ለዚህ ችግር ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ «ድራይቨር ጠፋ» ይባላል፤ ጠጋኙም ወይ ሠርቶ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ወይ «አልቀበል አለኝ» ብሎ ይመልሳል። ዳሩ ግን ምክንያቱን ወደ ኋላ ተከትለን ብንመረምረው፣ አንድ ዕቃ በባለቤቱ እጅ እያለ፣ ሳይሰበርና ሳይቃጠል፣ ዋጋውም ተከፍሎ ካለቀ በኋላ፣ ባለቤቱ በማያውቃቸው ሰዎች ውሳኔ ከጥቅም ውጭ የሚሆንበትን እንግዳ የንብረት ዓይነት እናገኛለን። እንዲህ ያለውን ዕቃ ገዝቶ የሚጠቀም ሕዝብ ካርዱን በገንዘብ እንደሚገዛው ሁሉ ድራይቨሩንም በጊዜው ሰብስቦ፣ በአገር ውስጥና በቅርብ ቦታ ማኖር ይገባዋል የሚለው የዚህ ሐተታ መነሻም መድረሻም ነው።

ግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተሩ ያሰላውን ነገር ወደ ሥዕል ለውጦ ወደ ስክሪኑ የሚልክ መሣሪያ ሲሆን፣ የሚታዘዘው ሠሪው ባወጣለት ምሥጢራዊ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ዊንዶውስም በበኩሉ የየካርዱን ጠባይ ስለማያውቅ፣ በሁለቱ መካከል ሆኖ ትእዛዙን የሚያደርሰው ድራይቨሩ ነው። በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ብራናው ሳይበላ፣ ቀለሙም ሳይደበዝዝ የተቀመጠ መጽሐፍ፣ ትርጓሜውን የሚያውቁት የኔታ ካረፉና ደቀ መዝሙር ካልተኩ፣ በእጅ እየተዳሰሰ ምሥጢሩ ተዘግቶ እንደሚቀር፣ ድራይቨር ያጣ ካርድም ጉልበቱ በውስጡ ሳለ ማንም የማያዝዘው ሆኖ ይቀራል። ዊንዶውስ 8 ከወጣ ጀምሮ ሥርዓቱ ለማናቸውም ካርድ የሚሆን አንድ መሠረታዊ ድራይቨር ይዞ ስለሚመጣ ስክሪኑ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ነገር ግን ያ ድራይቨር ብዙውን ጊዜ ከ1024 በ768 በማይበልጥ ስፋት ይወሰናል፣ ቪዲዮ ሲከፈት ሥራውን ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይጭናል፣ ሁለተኛ ስክሪን ቢሰካም አይቀበልም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ከካርዱ በዚያኛው ወገን ያለው ሥርዓት ራሱ በየዘመኑ መለወጡ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ለሕዝብ በተሸጠ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር የሚጻፍበት ሥርዓት ከሥሩ ተለውጦ፣ ለዊንዶውስ ኤክስፒ የተጻፈው የካርዱን ሙሉ ጉልበት የማያወጣ ሆነ፤ ዊንዶውስ 8 ሲመጣም ያ የቀድሞው ሥርዓት ጨርሶ ቀረ። በተጨማሪም በ64 ቢት ዊንዶውስ የታወቀ ፊርማ የሌለበት ድራይቨር እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው አቆጣጠር በ2016 ደግሞ አዲስ የሚወጣ ድራይቨር ሁሉ በማይክሮሶፍት እጅ ካልተፈረመ እንዳይሠራ ተወሰነ። ክልከላው ከተንኮለኛ ፕሮግራም ይጠብቃልና በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለተተወ ካርድ ራሱ ድራይቨር አሻሽሎ ሊጽፍ በሚችለው ትጉህ ሰው ላይም አብሮ በሩን ዘጋ።

ከዚህ በታች የኩባንያዎቹን ውሳኔ ስናነሣ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ኤቲአይ የተባለውን የካናዳ ኩባንያ በ2006 የገዛው ኤኤምዲ፣ ራዴዎን ኤችዲ 2000፣ 3000 እና 4000 የተባሉትን ካርዶች በ2012 ከመደበኛ ጥገና አውጥቶ በጡረታ መዝገብ አሰፈራቸው፤ በኖቬምበር 2015 ኤችዲ 5000 እና 6000ን አከለባቸው፤ በጁን 2021 ደግሞ ከኤችዲ 7000 ወገን ቀርተው የነበሩትን ከተከታዮቻቸው ጋር አሰናበተ። ኤንቪዲያም በዚሁ መንገድ ሲሄድ፣ እንደ ጂፎርስ 8400 እና ጂፎርስ 210 ላሉት ካርዶች 342.01 የተባለውን የመጨረሻ ድራይቨር በዲሴምበር 2016 አወጣ፤ ፌርሚ ለሚባለው ትውልድ፣ ማለት ለ400 እና ለ500 ተከታታይ፣ መደበኛው ድራይቨር በ2018 በ391.35 አበቃ፤ የ32 ቢት ዊንዶውስም ዕድሜ በኤንቪዲያ ዘንድ በዚያው አብሮ አበቃ። ኬፕለር የተባለው ትውልድ በ2021 ተከተለ። ኢንቴል ደግሞ በ2019 ለአሮጌ ቦርዶቹ የነበሩትን የድራይቨርና የባዮስ ፋይሎች ከራሱ ገጽ ማንሣት ጀመረ፤ ይህም ከሌሎቹ ይልቅ የሚከፋ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አዲስ ድራይቨር አልጽፍም ማለት አንድ ነገር ሲሆን፣ የተጻፈውን ከመደርደሪያ ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለኩባንያዎቹ ፍርድ ሳናዛባ ለመናገር፣ አንድ ድራይቨር በሚሊዮን የሚቆጠር የፕሮግራም መስመር ያለበት ሥራ ነው፤ ሥርዓቱ በታደሰ ቁጥር ለእያንዳንዱ የካርድ ትውልድ እንደገና መፈተን አለበት፤ ከአሥር ዓመት በፊት በተሸጠ ካርድ ላይ ለሚደክም መሐንዲስ ደመወዙን የሚከፍል ገቢ የለም። ስለዚህ መድከማቸውን ማቆማቸው መብታቸው ነው። የማይገባቸው ግን እነርሱ ሲያቆሙ ሌላውም እንዳይቀጥል የካርዱን ሰነድ ቆልፈው ማስቀረታቸው ነው፤ ይህንን ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ይህ ሁሉ በደነባ እንዴት እንደሚገለጥ ለማየት፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ በደብረ ብርሃን በኩል ከሚመጡት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አንዱን፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 የሚባለውን፣ በሐሳብ ከጎኑ ከፍተን እንመልከት። በውስጡ ራዴዎን ኤችዲ 5450 የተባለች፣ ማራገቢያ የሌላት፣ ከመዳፍ ብዙም የማትሰፋ ካርድ ተሰክታለች። ይህች ካርድ በፌብሩዋሪ 2010 ለገበያ ቀርባ በኖቬምበር 2015 ጡረታ የወጣች ናት፤ ማለት ስድስት ዓመት እንኳ ሳትሞላ በሠሪዋ ተተወች፣ ከተተወች በኋላ ግን የሚንቀሳቀስና የሚያልቅ አካል ስለሌላት እስካሁን ትሠራለች። በገበያ ቀን ገበሬው ውል ሊያጽፍ፣ ተማሪው ጉርድ ፎቶ ሊያወጣ፣ ሌላውም የፋይዳ መታወቂያውን ሊያሳትም ሲመጣ፣ ቤቱ የሚሠራው በዚህች ካርድ ነው። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ድራይቨሩ ሳይጫን ሲቀር፣ ሰፊው ስክሪን የተሰጠውን ጠባብ ሥዕል ጎትቶ ስለሚሞላ የተማሪው ፊት ሰፍቶ ይታያል፤ ፎቶ የሚያዘጋጀውም ልጅ ዓይኑን አምኖ ፊቱን ወደ ልኩ ሲያጠብበው፣ በወረቀት ላይ የሚወጣው ፎቶ ቀጥኖና ረዝሞ ይገኛል። ስሕተቱ ከልጁም ከማተሚያውም አይደለም፤ ወረቀቱና ቀለሙ ግን ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል።

ለዚህች ካርድ የሚሆነው ድራይቨር ጨርሶ የጠፋ አይደለም። ካታሊስት 15.7.1 የተባለው፣ በ2015 ለዊንዶውስ 10 ጭምር ተፈርሞ የወጣው፣ ያለ ችግር ይገባላታል፤ ከእርሱ በኋላ የወጣው 16.2.1 የተባለውም የሙከራ ቢሆንም ይሠራል። ችግሩ የሚነሣው ካርዱ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ፍለጋ ሲጀመር ነው፤ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ተልጦ ወይም የሌላ ኩባንያ ስም ተጽፎበት ስለሚገኝ፣ ጠጋኙ በስም ሲፈልግ የማይገናኝ ድራይቨር እያወረደ ይውላል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ካርድ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በውስጡ የታተመ ቁጥር አለው፤ «ዲቫይስ ማኔጀር» ተከፍቶ፣ ስም ያልወጣለት ካርድ ተመርጦ፣ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለው ሲታይ፣ በመጀመሪያ የሠሪው፣ ቀጥሎም የካርዱ የራሱ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የሠሪው ቁጥር 1002 ከሆነ ኤቲአይ ወይም ኤኤምዲ ነው፤ 10ዲኢ ከሆነ ኤንቪዲያ ነው፤ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ይህም ኩባንያው በ1978 ካወጣው ስመ ጥር ፕሮሰሰር ቁጥር ጋር አንድ ነው።

ቁጥሩን ትቶ በስም መሄድ የሚያመጣውን ጥፋት ለመረዳት ጂፎርስ ጂቲ 730 የሚባለውን ካርድ ማየት ይበቃል። በዚህ አንድ ስም ሁለት ዘር ተሽጧል፤ አንዱ ከፌርሚ፣ ሌላው ከኬፕለር ትውልድ ነው፤ የፌርሚው በ391.35 ሲቆም፣ የኬፕለሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ድራይቨር ሲወጣለት ኖሯል፤ ሣጥናቸው ግን ላይለይ ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሐሰተኛው ካርድ ነው፤ ጂቲኤስ 450 የተባለ የፌርሚ ካርድ በውስጡ ያለው ባዮስ ተለውጦ፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ ብሎ ስሙን እንዲናገር ተደርጎ በዓለም ገበያ ተሽጧል፤ ገዢው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ድራይቨር ሲጭን ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ድራይቨሩ አልገባም ይላል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው የካርድ መመርመሪያ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ማጋለጥ የጀመረው በ2018 ነው፤ ለአንድ ፍላሽ እንኳ የማይከብድ ትንሽ ፋይል ስለሆነ፣ ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት በሻጩ ፊት ሊከፍተው ይገባል።

ድራይቨር ሁሉ በአንድነት ተጠቅልሎ የሚገኝበት፣ ከሩስያ የመጣው ድራይቨር ፓክ የተባለው ፕሮግራም ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ብዙ ጠጋኞችን ከመከራ አውጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ከድራይቨሩ ጋር ያልተጠየቁ ፕሮግራሞችን አብሮ እንደሚያስገባ የታወቀ ስለሆነ፣ ለካርድ ያህል የካርዱን የራሱን ፋይል መያዝ ይበልጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የሚፈለገው ድራይቨር በዚያው በሚጠገነው ኮምፒውተር ውስጥ እያለ በጠጋኙ እጅ መጥፋቱ ነው። ዊንዶውስ የጫነውን ድራይቨር ሁሉ «ድራይቨር ስቶር» በሚባል ማኅደር ያኖራል፤ በዊንዶውስ 10 ላይ «ፒኤንፒዩቲል» በሚባል ትእዛዝ ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። አሠራሩ ባለመለመዱ ምክንያት፣ ትናንት በደኅና ሲሠራ የነበረው ድራይቨር በፎርማት ተደምስሶ፣ ያንኑ ከባሕር ማዶ ለማምጣት የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል።

ኢንተርኔቱም ሁልጊዜ አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ፣ በእጁ የተቀመጠ ፋይል የነበረው ጠጋኝና ያልነበረው እንዴት እንደተለያዩ ያን ዘመን በሥራ ላይ ሆኖ ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። «እንግዲያውስ አዲስ ካርድ ይገዛ» የሚል ቢኖር ደግሞ፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ በለቀቀበት ዋዜማ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ያስብ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በዚህ ልክ ሲወደድ፣ ምስርና ስንዴ በሚበቅልበት በደነባ አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ ለሚኖር ገበሬ ማመልከቻ የሚጽፍ ቤት ገቢው በዚያ ልክ አላደገም። ዊንዶውስ 11ም ቢሆን መውጫ አይሆነውም፤ በ2024 የወጣው እትም ኮር 2 ዱዎ በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ከቶ አይነሣምና፣ ኦፕቲፕሌክስ 780ን የመሰለ ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ጋር የሚሄድበት መንገድ በዊንዶውስ 10 ላይ ተፈጽሟል።

ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነው፤ በዚህም ላይ ሳይጋነን መናገር ያስፈልጋል። ኤኤምዲ በሴፕቴምበር 2007 የራዴዎን ካርዶችን ሰነድ ለሕዝብ እንደሚገልጥ አስታውቆ መግለጥ ስለጀመረ፣ ዛሬ ለእነዚያ ካርዶች የሚሆነው ድራይቨር በሊኑክስ ውስጥ አብሮ ተሠርቶ ይመጣል፤ ማንም ምንም ሳይፈልግ ኤችዲ 5450 ስክሪኑን በሙሉ ልኩ ታበራለች። ጌርት ቮልኒ የተባለ ባለሙያ በ2022፣ ኩባንያው ከተዋቸው ብዙ ዓመት ለሆናቸው ለእነዚሁ ካርዶች፣ የድራይቨሩን ትልቅ ክፍል እንደ አዲስ ጽፎ አበርክቷል። የተገለጠ ሰነድ ይህን ያህል ፍሬ አለው፤ ሠሪው ሲተወው ሌላው አንሥቶ ይቀጥላል። የኢንቴል ካርዶችም በዚህ በኩል ደኅና ናቸው። ስለዚህ ለትምህርት ቤትና ለወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ሥራቸው ጽሕፈትና ኢንተርኔት ለሆነው፣ ሊኑክስ የሚበቃ መስሎ ይታየኛል፤ ይልቁንም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንዶች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ በትምህርት ቤቱ መጋዘን «ድራይቨር የለውም» ተብሎ የተቀመጠ ኮምፒውተር ሁሉ ለተማሪው እጅ ማለማመጃ ሊሆን ይችላል። ፎቶሾፕ የለመደ ፎቶ ቤትና የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ግን ወደ ሊኑክስ ሊሄዱ ስለማይችሉ፣ ለእነርሱ የሚሻለው ዊንዶውስ 10ን በሚያውቁት ድራይቨር አጽንተው፣ የሥራውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ለይተው፣ ዊንዶውስ አፕዴት የሚሠራውን ድራይቨር በሌላ እንዳይተካባቸው መዝጋት ነው።

ይህንን የግለሰብ ብልሃት ወደ ማኅበር ሥራ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው። ከላይ የተጠቀሱት የመጨረሻ ድራይቨሮች እያንዳንዳቸው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቢሆኑ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ገበያ ላሉት አሮጌ ካርዶች ሁሉ የሚሆነው በአንድ የ64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ተርፎት ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍልና ተማሪ ስላለው፣ ፋይሎቹን ከየኩባንያው ገጽ ገና ሳሉ አውርዶ፣ ትክክለኛነታቸውን መርምሮ፣ በካርዱ ቁጥር አሰድሮ፣ ለወረዳ ጠጋኞች በፍላሽ የሚያድል አንድ ማኅደር ቢያቆም ሥራው ከአንድ ክረምት አያልፍም፤ የማደሉንም ፈቃድ ከኩባንያዎቹ በጽሑፍ መጠየቅ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ጠጋኝ ይልቅ ይቀላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያወጣው ደንብ ቁጥር 425 የወደቀው ዕቃ እንዴት እንደሚወገድ ይደነግጋል፤ ያለ ጊዜው እንዳይወድቅ የሚያደርገው ግን እንዲህ ያለው ማኅደር ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር በእርዳታ የሚቀበል መሥሪያ ቤትም፣ ከዕቃው ጋር የድራይቨሩ ፋይል አብሮ እንዲሰጠው ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ ይገባል።

ይህን የምለው በችኮላ ስሜት ነው፤ ምክንያቱም የሚቀጥሉት ካርዶች የሚሰናበቱበት ቀን አስቀድሞ ታውቋል። ኤንቪዲያ ማክስዌልና ፓስካል ለተባሉት ትውልዶች፣ ጂቲኤክስ 750 ቲአይንና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ጨምሮ፣ መደበኛውን ድራይቨር በኦክቶበር 2025 አቁሞ፣ የጸጥታ ጥገናውን ብቻ እስከ ኦክቶበር 2028፣ ማለት እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. እንደሚቀጥል አስታውቋል። ከእነዚህም መካከል ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ጥቂት ተስፋ አለው፤ ኑቮ የሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች ያለ ኩባንያው ሰነድ መርምረው የጻፉት የሊኑክስ ድራይቨር ፍጥነቱን በእጅ ከፍ ሊያደርግለት ይችላል። ከጂቲኤክስ 900 ጀምሮ እስከ ፓስካል ላሉት ግን ኩባንያው የካርዱን ፍጥነት የሚያዝዘውን ፕሮግራም በራሱ ፊርማ ስለቆለፈው፣ ኑቮ ካርዱን ከተነሣበት ዝቅተኛ ፍጥነት ከፍ ማድረግ አይችልም፤ በ2022 ኩባንያው የገለጠው የሊኑክስ ድራይቨር ክፍልም የሚያገለግለው ከፓስካል በኋላ የመጡትን ነው። ባለጸጎቹ አገሮች ከቤታቸው የሚያወጧቸው ካርዶች ደግሞ እነዚሁ ስለሆኑ፣ በሚመጡት ዓመታት ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደነባ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ፋይሎቻቸው ዛሬ በኩባንያው ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ የጸጥታ ጥገናቸው ሊያበቃም ሦስት ዓመት እንኳ አልቀረም።